ለጨዋታ የሚሆን ቋንቋ

ለመሆኑ አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ለፈተና ሳይሆን ለራሱ ደስታ አዲስ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቢማር የትኛውን ይምረጥ? ብዙዎቻችን የምንመርጠው «ሥራ ያስገኛል ወይ?» ብለን ነው። በእኔ አስተያየት ይህ መመዘኛ ለኮርስ ይሁን፤ ለጨዋታ ግን አይሆንም።

ባለፈው ክረምት ገንዳ ውሃ ቤተሰቦቼ ጋ ነበርኩ። ጃቫን ትቼ፣ ፓይተንንም (ሁሉም ሰው እሱን ስለሚል) አልፌ ሉዋን መረጥኩ። ምክንያቴ መጠኑ ነው። ከአንድ ሜጋ ባይት ያንሳል፤ በፍላሽ ይዤው ሄድኩ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ያረጀ ላፕቶፔንም አያስጨንቅም። አገሩም ደስ አለኝ። የተሠራው በ1993 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ በሚገኝ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። ብራዚል ከዚያ በፊት ለዓመታት የውጭ ኮምፒውተርና ሶፍትዌር እንደ ልብ እንዳይገባ ትገድብ ስለነበር ሰዎቹ የራሳቸውን መሣሪያ መሥራት ለምደው ነበር። የዝርዝር ቆጠራው ከ0 ሳይሆን ከ1 ይጀምራል። ሲ ፕላስ ፕላስ የለመደ ይናደዳል፤ እኔ ግን የግዕዝ ቁጥርም ዜሮ የለው ብዬ ተጽናናሁ።

መጀመሪያ «ሰሊጥ» ብዬ ጻፍኩና ርዝመቱን ጠየቅሁት። 9 አለኝ! ሦስት ፊደል እንዴት 9 ይሆናል? ለካ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሉዋ የሚቆጥረው ደግሞ ባይቱን ነው። ቀጥዬ የፊደሎቹን የዩኒኮድ ቁጥር አወጣሁ፤ ሰ 4656፣ ሊ 4618፣ ጥ 4901። ለ8 ሳካፍላቸው ቀሪው 0፣ 2፣ 5 ሆነ። ከ0 ስንጀምር ግዕዝ፣ ሣልስ፣ ሳድስ ማለት ነው። የልጅነቴ የፊደል ገበታ በየረድፉ እዚያ ተቀምጦ አገኘሁት።

ታዲያ ነገሩ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አጎቴ ሰሊጥ የሚያርሙ የቀን ሠራተኞችን የሚመዘግብበት ደብተር አለው። እሱና ልጁ እየተፈራረቁ ስለሚጽፉ የአንዱ ሠራተኛ ስም አንድ ቀን በእሳቱ ሰ፣ ሌላ ቀን በንጉሡ ሠ ይጻፋል። ደብተሩን ፋይል ላይ ገልብጬ ስደምር የልጁ 11 ቀን ለሁለት ተከፍሎ 7 እና 4 ሆኖ ወጣ። አጎቴም በእጁ ሲደምር የያዘለት 7ቱን ብቻ ነበር። በዩኒኮድ ንጉሡ ሠ ላይ 16 ሲደመር እሳቱ ሰ ይሆናል፤ ረድፉ በሙሉ እንዲሁ ነው። ይህን ጨመርኩና 11 ወጣ። አጎቴ ስክሪኑን ትኩር ብሎ አየና፣

«ይሄ ነገር ሥራ ያስገኛል?» አለኝ።

«እንጃ ጋሼ» አልኩት። የልጁ አራት ቀን ግን ተከፈለ።

ፓይተን ይህን አይሠራም ወይ የሚል አይጠፋም። ይሠራል። እንዲያውም ፓይተን 3 ተለዋዋጮችን በአማርኛ መሰየም ይፈቅዳል፤ ሉዋ አይፈቅድም። ግን ፓይተን ቢሆን ርዝመቱን 3 ብሎ ይመልስልኝና እኔም ዝም ብዬ አልፍ ነበር። ያስቆመኝ ያ 9 ነው። ስለዚህ ለጨዋታ የሚመርጥ ሰው የለመደውን የማይመስል ቋንቋ ይምረጥ እላለሁ፤ አመክንዮ የሚወድ ፕሮሎግን ይሞክር።

የሀ፣ የሐ እና የኀ ጣጣ ገና አላለቀልኝም። ሀ እና ሃ በድምፅ አንድ ስለሆኑ መደመሩ ብቻ አይበቃም። ፋይሉን የሚፈልግ ፍላሹን ይዞ ይምጣ።