ሳብዉፈር ሲጨመር ከዋናው ስፒከር ሸክም ይቀነስ

በጢቾ በአንድ የሠርግ ዳስ ውስጥ የታዘብሁት ነገር ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆኖኛል። ስፒከር የሚያከራዩት ወጣቶች በሁለቱ ዋና ስፒከሮቻቸው ላይ አዲስ ሳብዉፈር ጨምረው ነበር። ዳሱ በባስ ተንቀጠቀጠ፤ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ግን ሙዚቃው ከሥር ይሰማ ስለነበር የቃላቸው ግማሽ ተዋጠ። ሠርጉ ሳያልቅም አንደኛው ዋና ስፒከር ተቃጠለ። ወጣቶቹ ሳብዉፈሩን ረገሙ። በእኔ እምነት ግን ስሕተቱ ሳብዉፈሩ ከመጣ በኋላም ዋናዎቹ ስፒከሮች ባሱን ሁሉ እንዲሸከሙ መተዋቸው ነው።

እንደሚታወቀው፣ ድምፁ በእኩል ደረጃ እንዲሰማ ከተፈለገ ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር የስፒከሩ ወረቀት የሚወዛወዝበት ርቀት አራት እጥፍ ያድጋል። ከ160 ወደ 40 ሄርዝ ስንወርድ 16 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በአርሲ ደጋ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል። አሰላ ባለችበት 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ፣ ሙቀቱ እኩል ቢሆን፣ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ወረቀቱ ያንኑ ባስ ለመስጠት በሲሶ ያህል የበለጠ መወዛወዝ አለበት። የሰውን ቃል የሚያሰማው ወረቀት በዚህ መጠን ሲናጥ ቃሉ ይዛባል፤ የሚገባው ኃይል ሲበዛም ጥምጥም ሽቦው ይግላል፣ ብሎም ይቃጠላል።

መፍትሔው ከ80 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን ድምፅ ከዋናዎቹ ስፒከሮች የሚያግድ ማጣሪያ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር 250 ማይክሮፋራድ የሚያህል ዋልታ የለሽ ካፓሲተር በተከታታይ ማገናኘት የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ሆኖም በ40 ሄርዝ ቮልቴጁን የሚቀንሰው ከግማሽ ጥቂት ዝቅ አድርጎ ብቻ ነው። ከአምፕሊፋየሩ በፊት የሚገባውና ሊንክዊትዝና ራይሊ የተባሉ መሐንዲሶች ስም የተሰጠው ባለ 24 ዴሲቤል ማጣሪያ ግን ወደ 1/17 ያወርደዋል፤ አምፕሊፋየሩንም ያሳርፈዋል።

«ለሙሉ ድምፅ ከፍለን ለምን እንቆርጠዋለን?» የሚሉ አሉ። በቤት ውስጥ በዝግታ ለሚያዳምጥ ሰው ጉዳዩ ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። በዳስ ግን ባሱ አይጠፋም፤ ለባለቤቱ ለሳብዉፈሩ ይተላለፋል። የ80 ሄርዝ ሞገድ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ስለሚበልጥ ጆሮ ከየት እንደመጣ በቀላሉ አይለይም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባል የለ?

ይህንን የሚያሰላው ቀመር ብዙዎቻችን ለፈተና ሸምድደን የረሳነው ነው። ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትመለሱ ስፒከር ከሚያከራዩ እኩዮቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ለእነርሱ አንድ ስፒከር ማለት እንጀራቸው ነው።