«ማን ነው የበላህ?»

የታመመን ልጅ በጭስ አፍኖ «ማን ነው የበላህ?» እያሉ ማስለፍለፍን በልጅነታችሁ ያያችሁ፣ የአሜሪካዊውን ጸሐፊ የአርተር ሚለርን «ዘ ክሩሲብል» የተባለ ተውኔት ብታነቡ ታሪኩ ሩቅ አይሆንባችሁም።

ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1692 ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሴለም በምትባል መንደር የሰባኪው የ9 ዓመት ልጅና የ11 ዓመት ዘመዷ በድንገት ይጮኹ፣ ይንፈራገጡ ጀመር። ትልልቆቹ «ማን ነው እንዲህ ያደረጋችሁ?» ብለው ወጥረው ያዟቸው። መቼም ልጅ ተወጥሮ ሲያዝ መልስ አያጣም። መጀመሪያ የተጠሩት ሦስቱ አንዲት ባሪያ፣ አንዲት ለማኝና አንዲት ከቤተ ክርስቲያን የቀረች በሽተኛ ነበሩ። ማን ይከራከርላቸዋል? መንፈራገጡ ሌሎች ልጃገረዶችንም ያዘ፤ የሚጠራው ስም በዛ። በመጨረሻ 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ተከምሮበት ሞተ። የለማኟ ልጅ፣ ገና የ4 ወይም የ5 ዓመት ሕፃን፣ ጠንቋይ ተብላ በሰንሰለት ታስራ ከረመች።

ሚለር ተውኔቱን በ1953 ለመድረክ ያበቃው፣ በአገሩ በኮሚኒስትነት የተጠረጠረ ሰው ጓደኞቹን እንዲጠቁም በሚወጠርበት ወቅት ነው። በ1956 እሱ ራሱ በምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ስም ጥራ ሲባል እምቢ አለ። አንድ ነገር ግን አልወደድኩለትም፤ የ11 ዓመቷን ልጅ 17 አድርጎ፣ በፍቅር ቂም የምትበቀል ኮረዳ አደረጋት። ለመድረክ ያምራል። ጠያቂዎቹ ትልልቆች ግን ከኋላዋ ተሸሸጉ።

ይህ የሚከነክነኝ እኔም ጠያቂ ስለነበርኩ ነው። አምና በልጅ ልጄ ትምህርት ቤት አንዲት ተማሪ ሆዷን ታመመች። በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ «በሩ ላይ ከረሜላ የምትሸጠዋ ሴትዮ ናት» ተባለ። ልጁን «ከሷ በልተሃል አይደል?» ብዬ አፈጠጥኩበት። «አዎ» አለ። እኔም «የኛም በልቷል» ብዬ ጻፍኩ፤ እስከ ማታ ያልበላ ልጅ ጠፋ። በማግስቱ ሴትዮዋን ከበሩ አባረሯት። ከሳምንት በኋላ ልጁ «ከሷ ገዝቼ አላውቅም እኮ እማማ፤ ስትቆጪ ጊዜ ነው» አለኝ።

ከሴለም ከሳሾች አንዷ የነበረችው አን ፑትናም ያኔ 12 ዓመቷ ነበር። በ1706 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆማ፣ የይቅርታ ቃሏ በምእመናኑ ፊት ተነበበ። እኔ በዚያ በር ሳልፍ ሁሉ ከረሜላ ሻጯን በዓይኔ እፈልጋታለሁ። ስሟን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም።