የፕሮሰሰር ለውጥና የፕሮግራም ሠሪዎች ዕዳ

አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ በጁን 2025 ባካሄደው ዓመታዊ የፕሮግራም ሠሪዎች ጉባኤ፣ ማክኦኤስ 26 የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው የማክ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራ የመጨረሻው ስርዓተ ክወና እንደሚሆን አስታውቋል። ለኢንቴል የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን በአዲሶቹ ማኮች ላይ የሚያሠራው «ሮዜታ» የተባለው አስተርጓሚም በሙሉ አቅሙ የሚቆየው እስከ ማክኦኤስ 27 ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው፣ ባለቤቶቻቸው ማደስ ያቆሟቸውን አንዳንድ የቆዩ ጨዋታዎች ለማስኬድ የሚበቃ ክፍል ነው። ማስታወቂያው አጭር ነው፤ የሚነካው የሰው ድካም ግን ብዙ ነው።

እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ቤተሰብ የራሱ የትእዛዝ ቋንቋ አለው። ፕሮግራም ሠሪው ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ የጻፈውን ኮድ ኮምፓይለር የተባለው መሣሪያ ወደዚያ ቋንቋ ይለውጠዋል፤ በገዢው እጅ የሚገባውም የተለወጠው ቅጂ እንጂ የምንጭ ኮዱ አይደለም። ስለዚህ አምራቹ የፕሮሰሰሩን ቤተሰብ ሲቀይር ትናንት የተገዛው ፕሮግራም ለአዲሱ ማሽን ባዕድ ቋንቋ ይሆንበታል። ወይ ሠሪው የምንጭ ኮዱን አውጥቶ ለአዲሱ ፕሮሰሰር እንደገና ማዘጋጀት አለበት፣ ወይ በመካከል አስተርጓሚ መቆም አለበት። ሠሪው ሥራውን ትቶ ከሄደ፣ ወይም የምንጭ ኮዱ ከጠፋ፣ የቀረው ተስፋ አስተርጓሚው ብቻ ነው።

አፕል በማክ ኮምፒውተሮቹ ላይ ይህን ለውጥ ሦስት ጊዜ አድርጓል። በ1994 ከሞቶሮላ 68000 ቤተሰብ ወደ ፓወርፒሲ፣ በ2006 ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል፣ ከ2020 ጀምሮ ደግሞ ከኢንቴል ወደ ራሱ ፕሮሰሰሮች ተሻግሯል፤ እነዚህም የኤአርኤም አርክቴክቸርን የተከተሉ ናቸው። ከሦስቱ መካከለኛው ከመነሻው እስከ ፍጻሜው የሚታወቅ በመሆኑ፣ የዛሬውን ለመመዘን የሚበጀው እሱ ነው።

እ.ኤ.አ ጁን 6 ቀን 2005 ስቲቭ ጆብስ በሳንፍራንሲስኮ በተሰበሰቡት ፕሮግራም ሠሪዎች ፊት ቀርቦ ኩባንያው ወደ ኢንቴል እንደሚዞር ተናገረ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ 3 ጊጋኸርዝ የሚደርስ ጂ5 ፕሮሰሰር ያለው ማሽን አቀርባለሁ ብሎ ነበር፤ አልሆነም። አይቢኤም የሚያመርተው ጂ5 ሙቀቱ ከፍተኛ ስለነበር ለተንቀሳቃሽ ኮምፒውተርም አልመች ብሎ ነበር። መመዘኛው በአንድ ዋት ኃይል የሚገኘው የሥራ መጠን ነው ተባለ፤ በዚያ ሚዛን ኢንቴል የተሻለ ተስፋ ነበረው። በምክንያቱ ላይ የሚከራከር ብዙ አልነበረም። ከምክንያቱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ጆብስ በዚያው ንግግር የገለጠው ምስጢር ነው፦ ማክ ኦኤስ ኤክስ ላለፉት አምስት ዓመታት ከሕዝብ ተሰውሮ ለኢንቴልም ጭምር ሲዘጋጅ ኖሯል። የመጀመሪያዎቹ የኢንቴል ማኮች ይፋ የሆኑት በጃንዋሪ 2006 ነው። ኩባንያው አምስት ዓመት ሲሰናዳ ለሌሎቹ የደረሳቸው ሰባት ወር ብቻ ነበር ማለት ነው። የመሞከሪያውን ማሽን ለማግኘትም 999 ዶላር ከፍለው፣ ማሽኑን በኋላ ለመመለስ መፈረም ነበረባቸው። ለሐቅ ሲባል፣ ማሽኑን ለመለሱት አዲስ አይማክ መሰጠቱም መነገር አለበት።

ሸክሙ ለሁሉም እኩል አልነበረም። ማቲማቲካ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሠሪዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ለኢንቴል እንዳዘጋጁት በዚያው መድረክ ላይ አሳይተዋል፤ ኮዳቸው ቀድሞውኑ በብዙ ዓይነት ማሽኖች ላይ ይሠራ ስለነበር ከአንድ ፕሮሰሰር ጋር አልተጣበቀም። ኮድዋሪየር በተባለው መሣሪያ ለዓመታት የሠሩ፣ ለፍጥነት ሲሉም የተወሰነውን ክፍል በፓወርፒሲ በራሱ ቋንቋ የጻፉ ሰዎች ግን መጀመሪያ መላ ሥራቸውን ወደ አፕል ኤክስኮድ ማዛወር፣ ከዚያም የተጣበቀውን አንድ በአንድ መፍታት ነበረባቸው።

ከሁሉ የሚያደክመው የባይቶች ቅደም ተከተል ነበር። ፓወርፒሲ በማክ ላይ አንድን ቁጥር በሜሞሪ ሲያስቀምጥ የከፍተኛውን ቤት ባይት ያስቀድማል፤ ኢንቴል ደግሞ የዝቅተኛውን ቤት። በዐረብ አገር የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እኛ «ሃያ አምስት» ስንል አሥሩን ቤት እናስቀድማለን፤ ዐረቦች «ኸምሳ ወዒሽሪን» ሲሉ አምስቱን ያስቀድማሉ። ዐረብኛ ገና የሚማር ሰው በገበያ የሰማውን ዋጋ እንደ ሰማው ቅደም ተከተል ቢጽፈው 25 የነበረው 52 ይሆንበታል። በፓወርፒሲ ማሽን ላይ የተቀመጠ ፋይልም በኢንቴል ማሽን ላይ ያለ ጥንቃቄ ሲነበብ እንዲሁ ይዛባል። የከፋው ደግሞ ፕሮግራሙ ሳይቆም የተሳሳተውን ቁጥር ይዞ ሊቀጥል መቻሉ ነው። ኮምፓይለሩ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ስሕተት አያይም፤ የሠሪው ዓይን መስመር በመስመር መፈለግ አለበት። ያ ድካም በማንም የዋጋ ዝርዝር ላይ አይጻፍም።

ትልልቆቹ ኩባንያዎችም በቀላሉ አልተሻገሩም። አዶቢ ለኢንቴል ማክ የተዘጋጀ ፎቶሾፕ ያቀረበው በ2007 በወጣው ሲኤስ3 ነው። የማይክሮሶፍት ይብሳል። በኤክሴልና በዎርድ ውስጥ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚያከናውነው ቪዥዋል ቤዚክ በማክ ላይ ከፓወርፒሲ ጋር እጅግ የተሳሰረ ስለነበር፣ ኩባንያው እንደገና ጽፎ ከማድረስ ይልቅ መተውን መረጠ። በጃንዋሪ 2008 የወጣው የማክ ኦፊስ ቪዥዋል ቤዚክ አልነበረውም፤ የተመለሰው በኦፊስ 2011 ነው። የደመወዝና የዕቃ መዝገቡን ለዓመታት በዚያ መሣሪያ ያደራጀ የሒሳብ ሠራተኛ በአሮጌው ኦፊስ 2004 ላይ በአስተርጓሚ እየተጎተተ መቆየት፣ አለዚያም ማክን ትቶ ወደ ዊንዶውስ መሄድ ነበረበት። ስለ ፕሮሰሰር አንድም ቀን አስቦ የማያውቅ ሰው የፕሮሰሰር ለውጥን ዋጋ ከፈለ።

የዚያን ጊዜው ሮዜታ የማንቸስተሩ ትራንዚቲቭ ኩባንያ ቴክኖሎጂ ነበር። በ2006 ከኢንቴል ማኮች ጋር መጥቶ በ2011 ከወጣው ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.7 ላይ ተነሣ። አምስት ዓመት ገደማ ኖረ ማለት ነው። ባለቤት የነበራቸው ፕሮግራሞች ተሻገሩ፤ ባለቤት ያልነበራቸው በዚያ እትም ላይ መከፈት አቆሙ። እነሱን ላለማጣት ሲሉ በ10.6 ላይ ለዓመታት የቆዩ ተጠቃሚዎች ነበሩ፤ በዚህም የደኅንነት ማሻሻያ ሳያገኙ ቀሩ።

የ2020ው ሽግግር በሥራው ጥራት ከቀድሞው ይበልጣል። ሁለተኛው ሮዜታ ፕሮግራሙን በአብዛኛው ከመከፈቱ በፊት ይተረጉመዋል፤ የአፕል ፕሮሰሰርም ለዚሁ ሲባል የኢንቴልን የሜሞሪ ሥርዓት የሚያከብርበት ልዩ ስልት አለው። ኤም1 ያነሰ ኃይል እየወሰደ ብዙ መሥራቱም እውነት ነው። ሆኖም አስተርጓሚው ሥራውን ያለ ድምፅ ስለሚሠራ ሰነፉን ፕሮግራም ሠሪ ያባብላል። ደንበኛ ካላጉረመረመ ለምን ልድከም ይላል፤ ደንበኛውም ካልነገሩት ፕሮግራሙ በምርኩዝ እንደሚሄድ አያውቅም። ምርኩዙ የሚወሰድበት ቀን ሲቃረብ ሁለቱም አብረው ይደነግጣሉ። ደግሞም በኢንቴል ላይ ተደብቆ የኖረ የሜሞሪ ቅደም ተከተል ስሕተት፣ ፕሮግራሙ በእውነት ወደ ኤአርኤም ሲዞር ሊገለጥ ስለሚችል፣ ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም።

አስተርጓሚውን ለዘለዓለም ማቆየት ወጪ አለው የሚለው የኩባንያው ወገን ክርክር መሠረት አለው። የኢንቴል ፕሮግራም እንዲሠራ በስርዓተ ክወናው ውስጥ ያሉት ቤተ ኮዶች የኢንቴል ቅጂ አብሮ መኖር፣ መፈተሽና ከጥቃት መጠበቅ አለበት። ይሁን እንጂ ከዚህ የተለየ መንገድ እንዳለ የሚመሰክረው አፕል ጥሎት የሄደው አይቢኤም ራሱ ነው። በኤፕሪል 1964 ለታወጀው ሲስተም 360 የተጻፉ ፕሮግራሞች በዛሬዎቹ ታላላቅ የአይቢኤም ማሽኖች ላይ መሥራት ይችላሉ። ልዩነቱ ከደንበኛው ይመጣል። የአይቢኤም ደንበኞች ባንኮችና መንግሥታት ናቸው፤ ሲናገሩ ይሰማሉ። የአንድ ግለሰብ ደንበኛ ድምፅ ግን እስከዚያ አይደርስም። የጋራ ድምፅ ሲሆን ምን እንደሚሠራ ደግሞ በ2021 ታይቷል፤ በ500 ዶላር የተከራዩትን የሙከራ ማሽን ለሚመልሱ ፕሮግራም ሠሪዎች 200 ዶላር የሚያወጣ የግዢ መብት ብቻ ሊሰጥ የነበረው አፕል፣ ተቃውሞ ሲበዛ ወደ 500 ከፍ አድርጎታል።

ጉዳዩ ከእኛም ደጅ አይርቅም። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ወደ አገር ቤት የሚመለሱ ወገኖች ያገለገለ ኮምፒውተር ለቤተሰብ ይዘው ይሄዳሉ፤ በእነዚህ ዓመታት በርካሽ የሚሸጡት ማኮችም የኢንቴሎቹ ናቸው። በእነዚህ ማሽኖች የሚማር ተማሪ ከማክኦኤስ 26 በኋላ አዲስ እትም አይደርሰውም። በሌላ በኩል፣ ተናጋሪያቸው በገበያ ዓይን ጥቂት ለሆኑ ቋንቋዎች የሚሠሩ የፊደል መጻፊያዎችና መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ የአንድ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ናቸው። ያ ሰው ሥራ ሲቀይር፣ ሲታመም ወይም ሲሞት ፕሮግራሙን ለአዲስ ፕሮሰሰር የሚያዘጋጅለት አይኖርም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ግልጽ ነው። ባለቤት ለሌላቸው ጨዋታዎች ሲባል የአስተርጓሚው ክፍል መቆየት ከቻለ፣ ባለቤት ለሌለው መዝገበ ቃላት ወይም ለአንድ ቤተ ሙከራ አሮጌ የመለኪያ ፕሮግራም የማይቆይበት ምክንያት ምንድን ነው? ተጠቃሚው አደጋውን አውቆ ራሱ ሊከፍተው የሚችል አማራጭ ሆኖ ቢቀር ወጪውም ክርክሩም ይቀንሳል። ፕሮግራም ሠሪዎችም ሥራቸውን ከማክኦኤስ 27 በፊት ያዛውሩ፤ ለማዛወር የማይችሉት የምንጭ ኮዱን ለሌላ ሰው ይልቀቁ፤ ይህንንም ለደንበኞቻቸው ዛሬ ይንገሩ። አንባቢም ባለ አዲስ ማክ ከሆነ «አክቲቪቲ ሞኒተር» በተባለው መሣሪያ ውስጥ የፕሮግራሙን ዓይነት የሚያሳየውን ዓምድ ይመልከት፤ «ኢንቴል» የሚል ከተጻፈበት፣ በዚያ ፕሮግራም የተሠሩትን ሰነዶች ፕሮግራሙ ገና በሚከፈትበት በዚህ ጊዜ ሌሎች ፕሮግራሞች ሊያነቡት ወደሚችሉት መልክ ይገልብጥ።