አጥፍቶ ከማብራት በፊት

የቤታችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብዛኞቻችን መሣሪያዎቹን ሁሉ አጥፍተን እናበራለን። መስመሩ ይመለስ ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በእኔ እምነት ይህ ልማድ በቤተ ሙከራ የምንማረው የአስተሳሰብ ሥርዓት ከበሩ ውጭ እንደማይከተለን ያሳያል።

ምርመራው ቀላል ነው። ከኮምፒዩተሩ የትእዛዝ መስኮት «ፒንግ» በተሰኘው ትእዛዝ በቅድሚያ ወደ 127.0.0.1 እንላክ፤ ይህ ራሱ ኮምፒዩተሩ ነው። ቀጥሎ ወደ ራውተሩ፣ በመጨረሻም ወደ 8.8.8.8፣ ማለትም በውጭ ወዳለ የጉግል አገልጋይ። ራውተሩ ካልመለሰ ችግሩ በአብዛኛው ከቤታችን አይወጣም፤ እርሱ መልሶ የውጭው ዝም ካለ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ይመርመር፤ ሁሉም መልሰው ድረ ገጽ በስሙ ካልተከፈተ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ይጠርጠር።

ግንኙነቱ የሚቋረጠው ምግብ በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ብቻ ከሆነም አንደነቅ፤ ምድጃውና ብዙ ገመድ አልባ ራውተሮች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። ኮምፒዩተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝተን ብንሞክር ጥርጣሬያችን ይፈተናል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ያየነውንም እንመዝግብ። አጥፍቶ ማብራት አይከለከልም፤ ነገር ግን ከጥያቄው በኋላ ይሁን። ምክንያቱን ሳያውቅ ያስተካከለ ሰው ዕድለኛ እንጂ ዐዋቂ አይባልም።