ርካሽ ጊታር ለሙዚቀኛ ይበቃዋልን?

በዚህ ዓመት በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሣ አንድ ጉዳይ አለ። ክበባችን በየበዓሉ ካሳየው ዝግጅት ያጠራቀማት ጥቂት ገንዘብ አለችው። በዚህች ገንዘብ ኤሌክትሪክ ጊታር ይገዛ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ ሁሉም ደስ አለው፤ ነገር ግን የትኛው ይገዛ ሲባል ወዲያው በሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ርካሹ ጊታር የልጅ መጫወቻ እንጂ የሙዚቀኛ መሣሪያ አይደለም፤ ስሙ የታወቀውን ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ እስኪሞላ ድረስ እንታገሥ» ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ፥ ያለችው ገንዘብ የምትገዛው ዛሬውኑ ይገዛ ይላል።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ትምህርቱ ሲያበቃ እንበተናለን። ታላቁ ጊታር እስኪመጣ የሚጠብቅ ልጅ አንድም ቀን ክር ሳይነካ ከጅጋ ሊወጣ ይችላል። በጅጋ ደግሞ ሙዚቃን ሙያው ሊያደርግ የሚመኝ ልጅ የለም የሚል ካለ ተሳስቷል። አዲስ አበባ ወደ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያስብ፥ ነገር ግን ሐሳቡን ለአባቱ ለመንገር የሚፈራ ጓደኛ አለኝ።

በመጀመሪያ «ርካሽ» የሚለውን ቃል እንመርምረው። ለከተማ ባለጸጋ ርካሽ የሆነው ዕቃ ለጃቢ ጠህናን ገበሬ ርካሽ አይደለም። በርበሬውንና በቆሎውን ገበያ አውጥቶ ልጁን የሚያስተምር አባት «ገንዘቤን ለማይረባ ነገር አውጥቼ እንዳልቀር» ብሎ ቢሠጋ ልንፈርድበት አይገባንም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ያለው በዋጋው ላይ ሳይሆን መሣሪያው በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው።

የእኛ ወገን ክርክሩን የሚጀምረው ሁልጊዜ በመሰንቆ ነው። የአዝማሪው መሰንቆ ምንድር ነው? ከእንጨት የተበጀ ባለ አራት ማዕዘን ሣጥን፥ የተወጠረ ቆዳ፥ አንድ የፈረስ ጭራ ክርና አንድ ደጋን ነው። ይሁን እንጂ በሠርግ ቤት ሰውን ሁሉ የሚያስነሣውን አዝማሪ «መሣሪያህ ርካሽ ነውና ሙያህም ርካሽ ነው» የሚለው የለም። ወዳጆቼ ይህን ተናግረው ክርክሩን የረቱ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ምሳሌውን እንዲሁ አልቀበለውም። በመሰንቆ አንገት ላይ ጣትን የሚያስር ነገር የለም፤ የአዝማሪው ጣት ቦታውን ቢስት ጆሮው ሰምቶ ወዲያው ያቀናዋል። በክራርም ቢሆን እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይቃኛል፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፥ ከባቲ ወደ አምባሰል የሚለውጠው ተጫዋቹ ራሱ ነው።

ጊታር እንዲህ አይደለም። በአንገቱ ላይ ቀጫጭን የብረት ዘንጎች በልክ ተተክለዋል፤ አሥራ ሁለተኛው ዘንግ የክሩን ርዝመት እኩል ለሁለት ይከፍለዋል፤ የቀሩትም በስሌት የተቀመጡ ናቸው። አንዱ ዘንግ ያለ ቦታው ቢተከል ጣት ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን ድምፁ ተጣሞ ይወጣል። ክሩን ገፍቶ ድምፁን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ዝቅ ማድረግ ግን አይቻልም። ስለዚህ መጥፎ ጊታር ከመጥፎ መሰንቆ ይልቅ ተጫዋቹን ይጎዳል። የ«እንታገሥ» ወገን ይህን ቢያነሣ ኖሮ ያስጨንቀን ነበር፤ እነርሱ ግን የሚያነሡት የፋብሪካውን ስም ብቻ ነው።

ለዚህ ለማይነሣው ጥያቄ መልስ አለኝ። ዛሬ የርካሹም ጊታር አንገት የሚቆረጠው፥ የዘንጎቹም ቦታ የሚበጀው በኮምፒውተር በሚመራ መኪና ነው። መኪናው ደግሞ ጊታሩ ርካሽ ነው ብሎ ልኩን አያዛባም። ከርካሹ ጊታር የሚቀረው የእንጨቱ ጥራትና ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት የሚደረግለት የመጨረሻ ማስተካከያ ነው።

እንጨቱን እንመልከት። በክራር ድምፁ የሚጎላው በሣጥኑና በቆዳው ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑ ቢበላሽ ክራሩ ተበላሸ ማለት ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከክሮቹ ሥር ማግኔት አለው፤ በማግኔቱም ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። የብረቱ ክር ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ውስጥ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያም ወደ ድምፅ ማጉያው ይሄዳል። እንግዲህ ከሙዚቃ መሣሪያዎች ሁሉ በእንጨቱ ርካሽነት እምብዛም የማይጎዳው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። (መብራት በጠፋ ጊዜ ድምፁ እንደ ትንኝ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ለልምምድ ይበቃል፤ ወላጆችም በሰላም ያድራሉ።)

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ዳንኤሌክትሮ የተባለ ፋብሪካ ከተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ሰሌዳ ጊታር እየሠራ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ የሌድ ዜፐሊኑ ጂሚ ፔጅ ያንን ጊታር ይዞ በታላላቅ መድረኮች ተጫውቶበታል። እንግሊዛዊው ብራያን ሜይ እ.ኤ.አ. በ1963 ከአባቱ ጋር ሆኖ ጊታሩን መሥራት የጀመረው የሚገዛበት ገንዘብ ስላጣ ነው፤ አንገቱን ያወጣው ከአሮጌ የእሳት ማንደጃ እንጨት ነው። በኋላ የኩዊን ባንድ ሙዚቃዎች የተቀረፁት በዚሁ ጊታር ነው። ልብ በሉ፤ እንጨቱ ውድቅዳቂ ቢሆንም ልኩን ለመጠበቅ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ደክመውበታል።

ከአገራችን ሰዎች ግን የኃይሉ መርጊያን ያህል በዚህ ጉዳይ የሚያስደንቀኝ የለም። ኃይሉ በአዲስ አበባ የዋልያስ ባንድ ኦርጋን ተጫዋች ነበር። ባንዱ ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ እዚያው ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ሆኖ በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርድ አንድ ካሴት ቀረፀ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በእነዚያ ዓመታት በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ይዞ ይዞር ነበር፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ተራው እስኪደርስ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ወጣ፤ እርሱም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። ታላቅ ኦርጋን እስኪያገኝ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ኖሮ ጣቶቹ በመሪው ላይ ደርቀው ይቀሩ ነበር። ይህን የምለው ስለ ባለሙያ ነው እንጂ ስለ ጀማሪ አይደለም፤ ምክንያቱም «ርካሽ ዕቃ ለጀማሪ ይሆናል፥ ለቁም ነገረኛ ግን አይሆንም» የሚሉ አሉና።

እንግዲህ ርካሹ ጊታር ጉድለት የለውም እያልሁ አይደለም። መቃኛ ቁልፎቹ ይላላሉ፤ የሽቦው መሰኪያ ይበላሻል፤ ከአንገቱ ራስ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቁራጭ ከፍ ብሎ ስለሚሠራ ጣት ያማል፥ የመጀመሪያዎቹም ድምፆች ወደ ላይ ይሸሻሉ። ልጁ «እኔ ተሰጥኦ የለኝም» ብሎ ይተወዋል፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አልነበረም። በጅጋ ጊታር ጠጋኝ የለም። ነገር ግን ሬዲዮ የሚጠግን ሰው የተቋረጠውን ሽቦ በብየዳ ያገናኛል፤ ጥንቁቅ አናጢም ያንን ቁራጭ በሞረድ ጥቂት ዝቅ ያደርገዋል፤ የክሩን ርዝመት ለማስተካከልም አንዲት ትንሽ ካቻቢቴ ትበቃለች። ለስም የሚከፈለው ትርፍ ገንዘብ ለዚህ ሥራና ለመለዋወጫ ክር ቢውል ይሻላል።

ስለዚህ ለክበባችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሁለት ርካሽ ጊታሮችና አንድ ደኅና ድምፅ ማጉያ ይገዙ። በማጉያው ላይ ግን አንቆጥብ፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ እርሱ ግማሽ መሣሪያ ነውና። ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ የሚላከውም ልጅ ዓይኑን በቀለሙ ላይ አይጣል። ክሩን በአሥራ ሁለተኛው ዘንግ ላይ ሳይጫን ነካ አድርጎ ይምታው፤ ቀጥሎም እዚያው ተጭኖ ይምታው፤ ሁለቱ ድምፆች ካልተስማሙ በካቻቢቴ ይሞክር፤ እንቢ ካለ ይተወው። ዘንጎቹን አንድ በአንድ እየተጫነ የሚጮኸውን ይለይ። በመጨረሻም ቃኝቶ ሦስት ዘፈን ያህል ይጫወትበትና ቅኝቱ በቦታው መኖሩን ይመልከት፤ ከሸሸ ሁለተኛውን ያውርድለት ዘንድ ባለ ሱቁን ይጠይቀው፤ ቢቆጣም ይቆጣ።