ከጨርቁ በፊት ወረቀቱ ያከስራል

ነሐሴ ሲገባ የሐዋሳ ልብስ ሰፊዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ይመጣል፣ ነጋዴው ጣቃ ጨርቅ ያወርዳል፣ ደላላውም ከወዲያ ወዲህ እያለ ኮሚሽኑን ያሰላል። በዚህ ግርግር መካከል ስለ ጨርቁ ዋጋ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ሰፊው የእጅ ዋጋ ብዙ ክርክር ይደረጋል። ጨርቁ ስለሚቆረጥበት ወረቀት ግን የሚጠይቅ ነጋዴ የለም ማለት ይቻላል። የትርፉና የኪሳራው ግማሽ ታሪክ ግን መቀሱ ጨርቁን ሳይነካ ገና በወረቀቱ ላይ ያልቃል።

ወረቀቱ የሙያው ሰዎች ፓተርን የሚሉት ነው። የፊቱ፣ የጀርባው፣ የእጅጌውና የኮሌታው ቁራጮች በየልካቸው የተሳሉበት ንድፍ ማለት ነው። ንድፉ ራሱን ችሎ ሸቀጥ ከሆነ ቆይቷል። አሜሪካዊው ልብስ ሰፊ ኤቤኔዘር በተሪክ በየመጠኑ የተዘጋጀ የወረቀት ፓተርን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1863 ነበር። ያኔ ወረቀቱ ታጥፎ በፖስታ ይላክ ነበር። ዛሬ በኢንተርኔት ይሸጣል። ገዢው ፋይሉን ያወርዳል፣ በተራ የቢሮ ፕሪንተር በኤ4 ወረቀት ያትማል፣ ከዚያም 20 እና 30 ገጽ በስኮች አገጣጥሞ ለጥፎ ይቆርጣል።

ጉዱ የሚጀምረው ከፕሪንተሩ ነው። ፕሪንተሩ እንደ ልማዱ ሥዕሉን ከወረቀቱ ጋር ላስማማ ብሎ ጥቂት ያሳንሰዋል። አሜሪካውያን ሌተር በሚሉት 215.9 በ279.4 ሚሊ ሜትር በሆነ ወረቀት የተዘጋጀ ፋይል፣ እዚህ አገር በተለመደው 210 በ297 ሚሊ ሜትር ኤ4 እንዲገባ ሲደረግ፣ ህዳግ ሳይቆጠር እንኳ ወደ 97 በመቶ ይወርዳል። ህዳጉ ሲታከልበት 96 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይሆናል።

አራት በመቶ ምን አላት? የሚል አይጠፋም። የደረቱ ዙሪያ 100 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን የታሰበ ሸሚዝ 96 ሆኖ ይወጣል። በአውሮፓ የሴቶች ልብስ አለካክ በተለመዱት መጠኖች ከአንዱ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ያለው የደረት ልዩነት ደግሞ ያው 4 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 84፣ 88፣ 92 እያለ ይሄዳል። እንግዲህ ፕሪንተሩ ማንንም ሳያማክር ልብሱን በአንድ ሙሉ ቁጥር አሳንሶታል ማለት ነው።

የዚህ ስህተት ክፋቱ አለመታየቱ ነው። ሁሉም ቁራጭ በእኩል ስላነሰ እጅጌው ከብብቱ ጋር፣ ኮሌታው ከአንገቱ ጋር፣ ጎን ከጎን ጋር ልክክ ብሎ ይገጥማል። ሰፊውም በሥራው ይደሰታል። ወረቀቱ ላይ ያላነሰው ዚፑ ብቻ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ዚፕ 19.2 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክፍት ላይ አልገባ ሲል ልምድ ያለው ሰው ይጠረጥራል። ዚፕ የሌለው ልብስ ከሆነ ግን ጉዱ የሚሰማው ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ መስከረም ላይ እጁን ሲያነሣ ነው። ያን ጊዜ ሰፊው ለካው ሰው፣ ለካው ሰው ለጨርቁ፣ ሁሉም በአንድነት ለነጋዴው ጥፋቱን ያስተላልፋሉ።

ገጾቹን የመለጣጠፉ ስህተት ሌላ ዓይነት ነው። ሲለጠፍ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ 1 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ ሁለት መጋጠሚያ የሚያልፍ አንድ ቁራጭ 2 ሚሊ ሜትር ያጎድላል ወይም ይተርፋል። ልብሱ ከአራት እንዲህ ያሉ ቁራጮች፣ ማለትም ከሁለት የፊትና ከሁለት የኋላ፣ የሚሠራ ከሆነ ድምሩ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ይህኛው ስህተት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል፤ አንዱ ጎን ከሌላው ረዝሞ ስፌት ላይ ይገኛል። ለአንድ ቀሚስ ተስቦም ተሸብሽቦም ይታለፋል። ለ500 ዩኒፎርም ግን መፍታትና እንደገና መስፋት የሚበላው ጊዜ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም።

መድኃኒቱ ከወረቀት ወደ ንጹሕ የቬክተር ሥዕል መሸጋገር ነው። ቬክተር የሚባለው ሥዕል እንደ ፎቶግራፍ የነጥቦች ክምር አይደለም። መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በየት በኩልም እንደሚታጠፍ በቁጥር የተመዘገበበት ነው። ስለዚህ በትልቁም ሆነ በትንሹ ቢታተም አይደበዝዝም፤ ልኩም እስከ ሚሊ ሜትር ክፋይ ይታወቃል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ቢኖር፣ በኢንተርኔት የሚሸጠው የፓተርን ፋይል ብዙውን ጊዜ ውስጡ ቀድሞውንም ቬክተር መሆኑን ነው። እሱን አትሞ፣ ለጥፎ፣ ከዚያ ስካን አድርጎ እንደገና መሳል የተበጠረን እህል መልሶ ከገለባው ጋር መቀላቀል ነው። ኢንክስኬፕን በመሰለ በነጻ በሚገኝ የሥዕል ፕሮግራም ገጾቹን ከፍቶ፣ በየጠርዙ ባሉት መጋጠሚያ ምልክቶች አንዱን ከሌላው አስተካክሎ፣ የገጹን ክፈፍና ቁጥር ሰርዞ አንድ ትልቅ ሥዕል ማድረግ ይቻላል። አድካሚው ሥራ ከዚያ ይቀጥላል። በገጽ ጠርዝ ላይ የተቆራረጠው መስመር ለዓይን አንድ ቢመስልም ለኮምፒውተሩ አምስት ወይም ስድስት ነው። የመቁረጫ ማሽንም ሆነ የፓተርን ፕሮግራም ዙሪያው ያልተዘጋን ቅርጽ እንደ አንድ ቁራጭ አይቀበልም። ስለዚህ ጫፍ ከጫፍ መቀጠል፣ የየመጠኑን መስመር ለየብቻው በየንብርብሩ ማስቀመጥ፣ የጨርቁን ክር አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስትና የመጋጠሚያ ምልክቶቹን ሳይጥሉ ማቆየት ያስፈልጋል።

በእጅ ያለው የቆየ ወረቀት ብቻ ከሆነ ስካነር ይገባል። በ300 ነጥብ የተነበበ አንድ ኤ4 ገጽ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። በሞባይል ፎቶ የሚነሣ ፓተርን ግን ካሜራው ትንሽ ባዘመመ ቁጥር አራት ማዕዘኑን ስለሚያጣምመው ባይሞከር ይሻላል። ፕሮግራሙ ራሱ መስመሩን ተከትሎ ይሳልልኝ የሚለውም ሰው ብዙ አያተርፍም። ማሽኑ የአንዱን መስመር ግራና ቀኝ ጠርዝ ለይቶ ሁለት መስመር ያደርገዋል፣ በላዩም በመቶ የሚቆጠር ነጥብ ይዘራበታል። የብብት ኩርባ በእጅ በጥንቃቄ ሲሳል ሦስት ወይም አራት ነጥብ ይበቃዋል።

ከዚያ የመለኪያው ነገር አለ። አንዱ ፕሮግራም አንድ ኢንች 72 ነው ይላል፣ ሌላው 96። ኢንክስኬፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ከወጣው 0.92 እትሙ በፊት 90 ይል ነበር። በድሮው የተሠራ ፋይል በአዲሱ ያለ ማስተካከያ ሲከፈት 93.75 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ያው የማይታየው ዓይነት ስህተት ነው። የፓተርን ፕሮግራሞች በሚለዋወጡበት ዲኤክስኤፍ በተባለው ፋይል ላይ ደግሞ ኢንችና ሚሊ ሜትር ከተምታታ ልዩነቱ 25.4 እጥፍ ነው። 70 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሸሚዝ 2.76 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይመጣል። ይህኛው ለአሻንጉሊትም ስለማይሆን ማንንም አያታልልም። አስጊዎቹ 94 እና 96 በመቶዎቹ ናቸው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በፓተርኑ ላይ ልኩ የተጻፈበት አራት ማዕዘን አለ፤ ካልኖረ ባለሙያው 10 በ10 ሴንቲ ሜትር አድርጎ ይስላል። ከታተመ በኋላ በብረት ማስመሪያ በቁመትም በወርድም ይለካል። በአንድ በኩል ብቻ መለካት አይበቃም፤ አንዳንድ ማተሚያ ወረቀቱን በሚጎትትበት አቅጣጫ ብቻ ያስረዝማልና። የፊቱ ጎን ከኋላው ጎን ጋር እኩል መሆኑም በኮምፒውተሩ ላይ ይመረመራል። ማስመሪያውም ቢሆን ይምረጡ፤ ለዓመታት የተጎተተ የጨርቅ ሜትር ራሱ አይታመንም።

ይህ ሁሉ ልፋት ለነጋዴው ምን ያስገኛል? አንድ ዩኒፎርም 2 ሜትር ጨርቅ ይበላል እንበል። 500 ዩኒፎርም 1000 ሜትር ነው። ቁራጮቹ በኮምፒውተር ላይ እየተገላበጡ በጨርቁ ወርድ ልክ ተጠጋግተው ቢደረደሩና ከዚህ ውስጥ 5 በመቶ ብቻ ቢድን 50 ሜትር፣ ማለትም የ25 ዩኒፎርም ጨርቅ ነው። በወረቀት ላይ ይህን አሥር ጊዜ የሚሞክር ሰፊ የለም። በስክሪን ላይ ግን አሥር ጊዜ መሞከር የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ያገለግላል።

ይህን የሚያነብ ባለሀብት ዓይኑን ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ማዞሩ አይቀርም። የቻይናው ሲሲኢሲሲ የገነባው የሐዋሳ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ 60 ሺህ ሠራተኛ ይይዛል የተባለለት ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች ኅዳር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ቀረጡ ብዙ ተጽፏል። የገበያ ሰው ሊያነሣው የሚገባው ግን ሌላም ነገር አለ። ፋብሪካ በቆርጦ መስፋት ውል ሲሠራ ፓተርኑ የሚመጣው ከገዢው ነው። ገዢው ሲሄድ ሼዱ ይቀራል፣ የሠለጠነው ሠራተኛ ይቀራል፤ ንድፉ ግን አብሮት ይሄዳል። ሺህ ሸሚዝ በቀን መስፋት የሚችል እጅ የራሱ የሆነ አንድ የሸሚዝ ፋይል ከሌለው፣ ሌላ ገዢ በር እስኪያንኳኳ መጠበቅ ዕጣው ነው።

በከተማው ውስጥ ያለው ሰፊ በበኩሉ ፓተርን ምን ያደርግልኛል ሊል ይችላል። የደንበኛውን ልክ በሜትር ወስዶ፣ በጠመኔ በቀጥታ ጨርቁ ላይ አስምሮ ይቆርጣል፤ አሳምሮም ይሰፋል። እውነቱን ነው። ለአንድ ሙሽራ ቀሚስ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም፣ ኮምፒውተርም አይተካውም። ነገር ግን ያ ችሎታ በሰውየው እጅ ያለ ነው። እሱ ሲታመም ሱቁ ይዘጋል፤ ትእዛዙ 500 ሲሆን ደግሞ አንደኛውና አምስት መቶኛው አንድ አይሆኑም። የእሱን ምርጥ ሸሚዝ አንድ ጊዜ በትክክል ወደ ቬክተር ያስገባ ሰው ያንን እጅ በፋይል አስቀመጠው ማለት ነው።

መዋዕለ ንዋዩን በተመለከተ፣ የዘርፉ ሁለት ትልልቅ ስሞች ሌክትራና ገርበር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 ሌክትራ ገርበርን ጠቅልሎ ስለገዛ ደንበኛው የሚያማርጥበት መንገድ ጠቧል። ፈቃዱ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስመጪ ያውቀዋል። እንግዲያው ለሐዋሳ ጀማሪ የሚያዋጣው ከነጻዎቹ መነሣት ነው፤ ለሥዕሉ ኢንክስኬፕ፣ ለልብስ ንድፍ ቫለንቲና ወይም ሲምሊ ይበቁታል። ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ ትዕግሥተኛ ወጣት ያስፈልጋል። ትልቁን ማተሚያ መጀመሪያ ላይ መግዛት አያሻውም። ለምህንድስና ሥዕል ወይም ለባነር የሚያገለግል ሰፊ ማተሚያ ካለው ሰው ጋር ተዋውሎ ማሳተም ይችላል። አንድ ኤ0 ወረቀት 16 ኤ4 ስለሚሆን የ32 ገጽ ፓተርን በሁለት ወረቀት ያልቃል፤ ስኮቹም ይቀራል።

ዋጋው በቁራጭ ብዛት ቢተመን ይሻላል። አሥራ ሁለት ቁራጭ ያለው ጃኬትና አምስት ቁራጭ ያለው ቀሚስ እኩል አይለፉምና። ተጨማሪ መጠን ማውጣት ለብቻው ይከፈልበታል። ሥራው ሲያልቅ የታተመው 10 ሴንቲ ሜትር አራት ማዕዘን በደንበኛው ፊት ተለክቶ ይፈረምበታል፤ ከዚያ በኋላ የሚነሣ የልክ ክርክር የመቀሱ ነው።

ሳይጻፍ መታለፍ የሌለበት የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ሰው ለራሱ ሥራ የገዛውን ፓተርን አስተካክሎ ሲያስመጣ አንድ ነገር ነው። ያንኑ ፋይል ለሌላ መሸጥ ግን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን የሚነካ ሌላ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል የሐዋሳው ልብስ ሰፊ የራሱን ሸሚዝ ንድፍ አምጥቶ ሲያስገባ፣ የባለ ኮምፒውተሩ ድርጅት ቅጂውን ያስቀራል ወይስ ያስረክባል? ቢያስቀር በስንት፣ ለስንት ጊዜ? ይህ በደረሰኙ ጀርባ በሁለት መስመር ካልተጻፈ፣ ከሁለት ነሐሴ በኋላ ያው ሸሚዝ በአጎራባቹ ሱቅ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ሊገኝ ይችላል።