«ስንት ኪሎ ቀነስክ?» ብላችሁ አትጠይቁኝ

ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከታክሲ መያዣው አለፍ ብሎ፣ ሚዛን ፊቱ አስቀምጦ የሚውል ልጅ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱ ቋሚ ደንበኛ ነበርኩ። 84፣ 81፣ 78፣ 74... ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ከሚዛኑ የምወርደው እንደ ተሸላሚ ደረቴን ነፍቼ ነው። በመጨረሻ 70 ስገባ ልጁ ራሱ «ጋሼ፣ ምን አድርገው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምስጢሩን በኩራት ነገርኩት።

ምስጢሩ ይሄ ነበር። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ። ምሳ ሰላጣ። እራት የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ፣ ከቱታ ሥር ፕላስቲክ ለብሶ፣ የመስቀል አደባባይን ደረጃ መሮጥ። በሁለት ወር ተኩል 14 ኪሎ።

ከዚያ አንድ ቀን ሰፈራችን የውሃ ፈረቃ ደረሰው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃው ደግሞ ከምድር ቤት በላይ አይወጣም። ያ 84 ኪሎ ባለቦርጭ ሰውዬ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በግራም በቀኝም ይዞ፣ መሀል ላይ አንዴ አርፎ ይወጣ ነበር። አዲሱ ቀጭን ሰውዬ አንድ ጀሪካን ብቻ ይዞ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። በዚያው ሳምንት እናቴ አየችኝና «ልጄ፣ ደህና ነህ? ፊትህ እኮ ተሟጠጠ፤ ተመርመር» አለችኝ። ሸሚዜን ሳወልቅ ደግሞ ቦርጬ እዚያው አለ። አነሰ እንጂ አልሄደም። ክንዴና ጭኔ ናቸው የሄዱት።

ታዲያ 14 ኪሎ የጠፋው ምኔ ነው?

በሙያዬ አንድ መሥሪያ ቤት «ከካዝናችን 14 ሚሊዮን ብር ወጥቷል» ቢለኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ለምን ወጣ?» ነው። በገዛ ሰውነቴ ላይ ግን «ስንት» እንጂ «ምን» ብዬ አልጠየቅሁም። እናንተም አትጠይቁም። አገሩ በሙሉ አይጠይቅም። ሠርግ ላይ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ቲክቶክ ላይ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስንት ኪሎ ቀነስክ?» የዛሬው ጠቤ ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄው የተሳሳተ ስለሆነ መልሱ ሰው እየጎዳ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሚዛን የሚነግራችሁ ድምሩን ብቻ ነው። ስብ፣ ጡንቻ፣ ውሃ፣ አንጀት ውስጥ ያለ ምግብ፣ ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣችኋል። ፕላስቲክ ለብሳችሁ ስትሮጡ የሚወርደው ኪሎ ላብ ነው፤ ሁለት ጠርሙስ ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። የምትፈልጉት ስብ እንዲሄድ ነው። ጡንቻ እንዲሄድ የሚፈልግ ጤነኛ ሰው የለም። ሁለቱ ግን በአንድ በር ነው የሚወጡት።

ሰውነት ከሚያቃጥለው ያነሰ ሲገባለት ጎደሎውን ከራሱ ይከፍላል። ቤት ሲቸግረው ምን ይሸጣል? ሥራ የፈታውን ዕቃ። ጡንቻም እንደዚያው ነው። ብዙ ይበላል፣ ማስቀመጡ ውድ ነው፤ ካልተሠራበት ሰውነት ይሸጠዋል። በየሁለት በሦስት ቀኑ ከባድ ነገር የሚያነሳ ጡንቻ ግን «ይሄ ይፈለጋል» ተብሎ ይቀመጣል። የሚጠገንበት ፕሮቲን ከተገኘ ደግሞ ይጠነክራል።

ይህን ከኪሴ አላመጣሁትም። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ወጣት ወንዶችን ለ4 ሳምንት ከሚያስፈልጋቸው ካሎሪ 40 በመቶ ቀንሰውባቸው፣ በሳምንት 6 ቀን ጠንካራ ስፖርት አሠሯቸው። አንዱ ቡድን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.2 ግራም ፕሮቲን በላ፤ ሌላው እጥፉን፣ 2.4 ግራም። ብዙ ፕሮቲን የበላው 4.8 ኪሎ ስብ ጣለ፤ ከስብ ውጭ ያለው ክብደቱ ደግሞ በ1.2 ኪሎ ጨመረ። ሌላው 3.5 ኪሎ ስብ ጣለ፤ ጡንቻውን ባይጨምርም አላጣውም። አሁን ሁለቱን ሜክሲኮ ያለው ልጅ ሚዛን ላይ አውጧቸው። ልዩነታቸው ኢምንት ነው! ሚዛኑ ሁለቱንም እኩል «ጎበዝ» ይላቸዋል።

በቺካጎ ዩኒቨርሲቲም በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ትንሽ ጥናት አለ። 10 ከመጠን በላይ ክብደት ያላቸው ሰዎች ምግባቸው ተቀንሶ፣ ለ14 ቀን አልጋ ላይ 8 ሰዓት ተኩል፣ ለሌላ 14 ቀን ደግሞ 5 ሰዓት ተኩል ብቻ እንዲቆዩ ተደረገ። በሁለቱም ጊዜ የቀነሱት ክብደት 3 ኪሎ ገደማ ነው። በቂ ሲተኙ ግን 1.4 ኪሎው ስብ ነበር፤ እንቅልፍ ሲያጡ 0.6 ኪሎው ብቻ። እኔ ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳሁ፣ እራት ሳልበላ፣ አንድም ብረት ሳላነሳ ምን እየጣልኩ እንደነበር አሁን ይገባችኋል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ስለ እኔ ጀሪካን አይደለም። እኔ ወጣት ነኝ፤ አገግሜያለሁ። የምጽፈው «ተመርመር» ስላለችኝ እናቴ ነው።

እናቴ 63 ዓመቷ ነበር፤ ስኳር አለባት። ክትትል የምታደርግበት ቦታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «እማማ፣ ክብደት መቀነስ አለብዎት» ተባለች። ምክሩ በራሱ ስህተት አልነበረም፤ ግማሽ ነበር። ምን እንደምትቀንስ፣ እንዴት እንደምትቀንስ፣ ምን እንዳታጣ የነገራት የለም። እናቴ ደግሞ የተባለችውን የምታደርግ ሰው ናት። ግማሽ እንጀራ በጎመን፣ ማታ ሻይ ብቻ። በአምስት ወር 9 ኪሎ። ጎረቤት «ወጣት መሰልሽ» አላት። በቀጣዩ ቀጠሮ ሚዛኑን አይተው አጨበጨቡላት።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ቡና አፍልታ ከበርጩማው ስትነሳ እጇን መሬት ማስደገፍ ጀመረች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። የወደቀችው በዚያ ምክንያት ብቻ ነው ብዬ አልምልም። ግን ጭኗን አይቼዋለሁ። የጠፋው 9 ኪሎ ስብ ብቻ አልነበረም።

ዕድሜ ብቻውን ከ30ዎቹ በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን ጡንቻ እንደሚወስድ ይገመታል። በዚያ ላይ ረሃብ ጨምሩበት። ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ነገሩ እጥፍ ነው፤ ከምግብ በኋላ ደም ውስጥ የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነውና። ስኳር ይወርዳል ተብሎ ስኳር የሚቀበለውን ጎተራ ማፍረስ ምን የሚሉት ሕክምና ነው?

ከዚህ ግማሽ ምክር ጀርባ ደግሞ ነጋዴው ቆሟል። «በ30 ቀን 15 ኪሎ!» የሚለውን ማስታወቂያ አይታችኋል። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። 15 ኪሎ 115,500 ካሎሪ ነው። ለ30 ስታካፍሉት በቀን 3,850 ይመጣል። አብዛኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ተንቀሳቅሶ ይህን ያህል አያቃጥልም። አፉን ሰፍቶ ምንም ባይበላ እንኳ ሒሳቡ አይሞላም። ስለዚህ ሰውዬው ወይ ይዋሻችኋል፣ ወይ ውሃና ጡንቻችሁን ሊሸጥባችሁ ነው።

የ«ቦርጭ ማጥፊያ» ሻዩም ያው ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው አያቶቻችን ለሆድ ድርቀት የሚያውቁት ሰናመኪ ነው። ሆድ ያስኬዳል፤ ሚዛኑ ይወርዳል፤ ስቡ ከቦታው አልተነቃነቀም። የባሰም አለ። ልብ ላይ በሚያደርሰው አደጋ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት፣ «ተፈጥሯዊ» ተብለው በሚሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

አሁን ወደ ተቃውሞዎቻችሁ ልምጣ። አውቃቸዋለሁ፤ ከታች ስትጽፏቸው ከማይ ቀድሜ ልመልስ።

«ፕሮቲን የሀብታም ነው።» ሥጋው አዎ፤ እንቁላሉም እየራቀን ነው። ግን 100 ግራም ደረቅ ምስር 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ሽምብራ 20፣ ባቄላ 26፣ አኩሪ አተር 36 ገደማ። ችግራችን ጥራጥሬ ማጣታችን ሳይሆን አሠራራችን ነው። ለአንድ ሰው 30 ግራም ሽሮ በውሃ አቅጥነን (6 ግራም ፕሮቲን ነው)፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እንጨምርበታለን። አንዱ ማንኪያ 120 ካሎሪ ነው፤ አራቱ 480! ዘይቱን ቀንሱ፣ ሽሮውን አወፍሩት፣ ምስሩን እጥፍ አድርጉት፣ እንጀራውን ቀንሱ። ይሄ የሀብታም ምግብ አይደለም።

«ጾም አለ።» አለ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጾሙን ማንም አይነካባችሁም። ግን ቀኑን ጾሞ ማታ በዳቦና በተጠበሰ ድንች መግደፍ የጾም ትእዛዝ አይደለም። ንፍሮ፣ ሽምብራ፣ የባቄላ ፉል፣ የአኩሪ አተር ወተት ጾም ናቸው። በረመዳንም ማፍጠሪያው ሳምቡሳ ብቻ መሆን የለበትም።

«ጂም ውድ ነው።» ውድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል፤ በጂም ሥሩ አላለም። የእኔ ብረት ያ ያሳፈረኝ ጀሪካን ነው። 5 ሊትር ሞልቼ ጀመርኩ፤ ሲቀለኝ 10፣ ከዚያ 15፣ ከዚያ 20። ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ ጀሪካን ከመሬት ማንሳት። ዋናው ሕግ አንድ ነው፦ ሲቀላችሁ ጨምሩ።

«ብረት ካነሳሁ ወንድ እመስላለሁ።» እህቴ፣ ያን ጡንቻ ፍለጋ ወንዶቹ ራሳቸው ዓመታት ጂም ውስጥ ይለፋሉ፤ አላገኙትም። አንቺ ላይ በሁለት ወር በስህተት አይበቅልም።

«ቦርጬን ብቻ ማጥፋት ነው የምፈልገው።» ሆድ ብቻ በሚያሠራ ስፖርት የሆድ ስብ ተለይቶ አይሄድም። ስቡ ከየት እንደሚጀምር የሚወስነው ሰውነታችሁ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፍጥነቱን ቀንሱ፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በሳምንት ከክብደታችሁ ግማሽ እስከ 1 በመቶ ይበቃል፤ 80 ኪሎ ለሆነ ሰው ከ400 እስከ 800 ግራም ማለት ነው። ጡንቻ እያሠራችሁ ስብ ለመጣል ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን 1.6 ግራም አካባቢ ፕሮቲን ጥሩ ግብ ነው፤ ካልደረሳችሁ ዛሬ ከምትበሉት ጨምሩ። ኩላሊቱን የሚያመው ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ምግቡን ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ተኙ። ሚዛኑን ደግሞ ብቻውን አትመኑት፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ግዙና ወገባችሁን በ15 ቀን አንዴ ለኩ። ወገብ እየጠበበ፣ የምታነሱት እየከበደ ከሄደ፣ ሚዛኑ ባይነቃነቅም እየተሳካላችሁ ነው።

እናንተ የጤና ባለሙያዎች ደግሞ፣ ወረፋው እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። ግን «ክብደት ይቀንሱ» ለማለት ጊዜ ካላችሁ፣ «ምስሩን ይጨምሩ፣ ከወንበር አሥር ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ» ለማለትም አሥር ሰከንድ አይጠፋም።

እናቴ እጇ ከዳነ በኋላ ሳሎን ካለው ወንበር ላይ ጀመርን። መጀመሪያ ክንዴን ይዛ አምስት ጊዜ፤ ከዚያ ሳትይዘኝ፤ ከዚያ በሁለት እጇ የሁለት ሊትር ውሃ አቅፋ። በሳምንት ሦስት ቀን። ጠዋት አንድ ሳህን ፉል፣ በፍስክ ሁለት እንቁላል። ዓመት ሞላን።

በቅርቡ ቀጠሮዋ ነበር። ሚዛን ላይ ወጣች። 2 ኪሎ ጨምራለች። የመዘነቻት ልጅ ፊቷን አኮሳትራ «እማማ፣ ጨመሩ እኮ!» አለቻት። የወገቧ መቀነት በአራት ጣት እንደጠበበ፣ ከበርጩማዋ እጇን መሬት ሳታስነካ እንደምትነሳ የጠየቃት የለም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁ ከመቀመጫዋ ስትነሳ እጇን ተመልከቱ። ኪሎዋን አትጠይቋት።